በእሷ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ

መኪናዋን የሰጠኋት ከደግነት አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሰው አጉል እንዳያመሰግነኝ። ሰኔ ሲጋመስ የሱቄን ሂሳብ የሚሠራልኝ ሰው መጣና የዓመቱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን እየነከሰ፣ "ጋሼ፣ ዘንድሮ ግብሩ ይከብድዎታል" አለኝ። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሰው ላይ ምን የሚከብድ ግብር ይመጣል ብዬ ልቆጣ ስል፣ "ግን አንድ መላ አለ" ብሎ በመስኮቱ ወደ ግቢዬ አሳየኝ። መላው እዚያ ቆማ ዝናብ የሚወርድባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብሰጣት ዋጋዋ ተገምቶ ግብር ከሚታሰብበት ትርፌ ላይ ይቀነስልኛል። ዋናው ነገር፣ ሰኔ ሳይወጣ ደረሰኙ እጄ መግባቱ ነው።

ለምን አልሸጥካትም የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬ ነበር። ደላላው ገዥ አስከትሎ ይመጣል፤ ገዥው ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ያጎነብሳል፤ ከዚያ ቀና ብሎ የሚያሳፍር ዋጋ ይጠራል። ነዳጅ አንድ ቀን ተገኝቶ በማግስቱ በሚጠፋበት፣ መንገዱም እንደ ልብ በማያስኬድበት በዚህ ጊዜ አሮጌ መኪና ማን ይፈልጋል? ሁሉንም ከግቢዬ አባረርኳቸው። ጠባዬ እንዲህ ነው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። መኪናዋን ማየት አቅቶኝ ነበር። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እዚያው ናት፤ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ እዚያው ናት። የጋቢናው የቀኝ ወንበር ስፖንጅ በባለቤቴ ልክ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። እዚያ ወንበር ላይ ዕቃ እንኳ ማስቀመጥ አልቻልኩም።

ባለቤቴ መኪና መንዳት አትችልም፤ እኔን መንዳት ግን ትችልበት ነበር። ለአንበሳሜ ገበያ ቆርቆሮ ጭነን ስንወርድ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር እግሯን ወለሉ ላይ ትጫናለች። "ፍሬኑ እኔ ጋ ነው" እላታለሁ። "አውቃለሁ፤ አንተ ስለማትይዘው ነው" ትለኛለች። ወገቤን ሲያመኝ ወንዛዬ ሙቅ ውሃ የምትወስደኝም እሷ ነበረች፤ መሪውን እኔ ብይዝም ወሳጇ እሷ ናት። ታጥቤ ከወጣሁ በኋላ ብርድ ይመታሃል ብላ መስኮት መክፈት ትከለክለኝና እስከ ሐሙሲት ድረስ በሙቀት ታፍነን እንጨቃጨቃለን። ሰው ይህን የፍቅር ኑሮ አይለው ይሆናል። እኔ ሌላ አላውቅም።

እሷ ሞተች። ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው መጣ፣ ዘመድ አደረ፤ አርባዋም ዓመቷም ወጣ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ፤ መበተንም አለበት፣ ሰው የራሱ ኑሮ አለው። ሐዋሳ ያለችው ልጄ እሑድ እሑድ ትደውላለች። "አባዬ፣ በልተዋል?" ትለኛለች። "በልቻለሁ" እላታለሁ። ስለ እናቷ ማውራት ሁለታችንም እንፈራለን። የሰፈሩም ሰው "ነፍሷን ይማርና" ብሎ ያልፋታል እንጂ ስሟን አይጠራም። እኔን ማስከፋት እየመሰላቸው ነው።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ አልተወኝም። ሱቅ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ባየሁ ቁጥር፣ ማታ ለእሷ እነግራታለሁ ብዬ እይዘዋለሁ። አንዱ ገበሬ የገዛውን ቆርቆሮ ራሱ ላይ ይዞ ሲሄድ ዝናብ መጥቶ ከተማው ሁሉ በቆርቆሮው ጩኸት የሳቀበት ዕለት ቀኑን ሙሉ ስስቅ ውዬ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ ወሬው አፌ ላይ ቀረ። የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ብቸኛ ነበርኩ። በስተርጅና ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍራል፤ እኔም አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከከተማው ዳር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው የሚኖሩበት፤ መኪና አጥተው በሽተኛቸውን በሰው ጫንቃ ሆስፒታል እንደሚያደርሱ እሰማ ነበር። ኃላፊው ድሮ ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የስም ዝውውሩን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደን ከጨረስን በኋላ ቢሮው አስገብቶ አስቀመጠኝና የደረሰኝ ጥራዙን ከፈተ። ከዚያ፣ "የክርስትና ስም ማን ልበል?" ሲል ጠየቀኝ።

እዚያ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው እህልም ይሁን ብርድ ልብስ ሲሰጥ የክርስትና ስሙ ይያዝና ምሳ ሲቀርብ አረጋውያኑ ያን ስም ጠርተው ይመርቁታል። ይህን ነገረኝ። እኔም ሳላስብ፣ "የባለቤቴን ያዙልኝ" ብዬ የእሷን የክርስትና ስም ሰጠሁት። ይህን ስም እናቷ ታውቀው ነበር፤ እናትየዋም ቀደም ብላ አረፈች። የነፍስ አባቷ ያውቁታል፤ እኔ አውቀዋለሁ። በሕይወቷ እያለች እንኳ ማንም በዚያ አይጠራትም። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በፍትሐቷ ላይ ነው። ሞታለች ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፤ አልወጣልኝም። ኃላፊውም ስሙን ጻፈ፣ ደረሰኙን ቆረጠ፣ እጄን ይዞ መረቀኝ። መነጽሬን ሱቅ ረስቼው ስለነበር ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በዝናቡ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ብቻ ሣር ሳይበቅልበት ባዶውን አገኘሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

ሂሳብ ሠሪዬ ደረሰኙን ሲያይ ቅንድቡ ተሰቀለ። "ጋሼ፣ ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለኝ።

ለካ ኃላፊው ለጸሎት የሰጠሁትን ስም ነው ደረሰኙም ላይ የጻፈው። በመንግሥት መዝገብ፣ በቀበሌም ሆነ በመታወቂያ የሌለ ስም። "የባለቤቴ ነው" አልኩት። ቀብሯ ላይ ነበረ። አንገቱን ደፍቶ፣ "ገቢዎች ይህን አይቀበሉዎትም። ግብር ከፋዩ እርስዎ ነዎት፤ ሰጪው ሌላ ሰው ነው ይሉዎታል። በሉ ሰኔ ሳይወጣ ሄደው በእርስዎ ስም ያስቀይሩት። አለዚያ ሙሉውን ነው የሚከፍሉት" አለኝ። ሙሉውን መክፈል ማለት ክረምቱ ሲወጣ የማስገባው ቆርቆሮ ቀረ ማለት ነው። የቤት ግንባታ የሚጦፈው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ቆርቆሮ የሌለው የቆርቆሮ ነጋዴ ደግሞ መደብሩን ዘግቶ ቢተኛ ይሻለዋል። ስለዚህ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ኃላፊው ነገሩን ስነግረው ግንባሩን በእጁ መታ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። እኛ ዘንድ ሰጪ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ እጄ ለምዶት ነው። አሁኑኑ ሰርዤ በእርስዎ ስም እቆርጥልዎታለሁ" አለ። ጥራዙን ሲፈልግ የምሳ ደወል ተደወለ። "ጸሎቱ ይድረስና፤ አብረን እንቁም" ብሎ ወደ ምግብ ቤቱ ወሰደኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ አሮጊቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። ሽሮው ቀርቦ ይፋጃል፤ የሚነካው የለም። አባታችን ሆይ ከተባለ በኋላ ከአሮጊቶቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ዐይናቸው ፈዟል። ስም በቃላቸው ነው የያዙት። እህል የሰጠውን ጠሩ፣ ብርድ ልብስ የሰጠችውን ጠሩ፤ ለእያንዳንዱ ምርቃት አወረዱለት። እኔ ስለ ደረሰኙ እያሰብኩ ነበር። ከዚያ የእሷን ስም ጠሩት።

ጮክ ብለው፣ ሙሉውን፣ አንድም ፊደል ሳያጎድሉ ጠሩት። "መኪና የሰጠችን እኅታችን፣ ክፉ አይንካት። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥልን። ወጥታ እስክትገባ ይጠብቅልን። ደጇን አይዝጋብን" አሉ። ጠረጴዛው ሁሉ ባንድ ድምፅ አሜን አለ። በሕይወት ያለች መስሏቸዋል። ከሞተች ወዲህ ዕድሜ የለመነላት ሰው አልነበረም፤ ማን ይለምናል? እነዚህ ሰዎች ግን መኪናዋ ከገባች ቀን ጀምሮ በየምሳው ይለምኑላት ነበር። እንባዬ መጣ። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እኔም አሜን አልኩ።

ኃላፊው ጥራዙን ይዞ መጣ። "ለእማማም እነግራቸዋለሁ፤ ከነገ ጀምሮ የእርስዎን ስም ይጠራሉ። ሰጪው ሌላ ሆኖ ሳለ ሌላ መጥራት ደግ አይደለም" አለኝ። የተናገረው ትክክል ነው። ደረሰኙን በእኔ ስም አድርጎ ጸሎቱን ለእሷ መተው ይቻል ነበር የሚለኝ ይኖራል፤ አውቃለሁ። ግን ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ሞታለች ልለው ነው። ያን ጊዜ ስሟ ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥቶ ከሙታን ጋር ይቆጠራል፤ ዕድሜ የሚለምንላት ይቀራል። እስክሪብቶውን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር።

"ይቅር፤ እንዲሁ ይሁን" አልኩት።

"ጋሼ፣ ግብሩስ?"

"እከፍላለሁ።"

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ቢሆንም አላስጨነቀኝም። ደረሰኙን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ልወጣ ስል አሮጊቷ እንግዳ መኖሩን ሰምተው ኖሯል፣ "ይኸ ማነው?" አሉ። "መኪና የሰጡን ሴት ባለቤት ናቸው፣ እማማ" አላቸው ኃላፊው።

"ውይ በሞትኩት! ና ልጄ፣ ቀረብ በል እስቲ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሄጄ ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። "ያቺ ደግ ሴት ባልተቤትህ ናት አይዶል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ምነው ታዲያ ይዘሃት ሳትመጣ? እንደምን አለች?"

ሽሮው እየቀዘቀዘ ነበር፤ ሁሉም እጁን ሰብስቦ መልሴን ይጠብቃል።

"ደህና ናት፣ እማማ" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።"