«አየሁ» አይባልም

ሻምበል ታፈረ። ሚስታቸው እትዬ አገሬ። መካኒኩ ሃምሳ አለቃ ይመር። አራተኛው እኔ፤ ያኔ የጎረቤት ልጅ፣ ዛሬ ጺሙ የሸበተ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። አምስተኛዋ ሰው አይደለችም። አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ የምትጭን፣ በአፍንጫዋ ላይ ፕሮፔለር የሚሽከረከርባት፣ ቢጫ ቀለም የተቀባች አሮጌ የአየር ኃይል ማሠልጠኛ አውሮፕላን ናት። ከእነዚህ ሁሉ ዛሬ በባሕር ዳር የቀረነው እኔና እሷ ነን።

ነገሩን ያስታወሰኝ የስልክ ወሬ ነው። ትናንት ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። አዲስ ቤት ተከራይታለች፤ የጋዝ ሲሊንደር አስገብታለች። ማጥበቂያው መጥበቁን ጠየቅኋት።

«አየሁት አባባ፣ ደህና ነው» አለች።

«አየሽው ወይ አላልሁሽም። ነካሽው ወይ?»

ሥራ እንዳለባት፣ ቆይታ እንደምትደውል ነግራኝ ዘጋችው። አልደወለችም። እኔም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ያቺ «ነካሽ ወይ» የምትል ቃሌ ከየት እንደመጣች ለልጆቼ በደንብ ነግሬያቸው እንደማላውቅ ያሰብሁት ያኔ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሹም አቦ ሰፈር ነበር። እናቴ ሞታለች፤ አባቴ በፋብሪካ ፈረቃ ይሠራል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚቀበለኝ የተቆለፈ በር ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን ሻምበል ታፈረ ነበሩ። በአየር ኃይል የበረራ አሠልጣኝ ሆነው ኖረዋል። መንግሥት ሲቀየር ሥራቸው ቀረ። ያረጁት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖችም ብረታ ብረት ተብለው በጨረታ ተሸጡ። ሌሎቹን ድስት ሠሪዎች ገዟቸው፤ አንዷን ሻምበል ገዙ። ክንፎቿ ተፈትተው በጭነት መኪና ሰፈራችን ስትደርስ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ሻምበል ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን አቃጠሉት ተባለ። እሳቸው የመለሱት «ድስት ከመሆን አዳንኋት» ብቻ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ካለ የግጦሽ ሜዳ ጥግ የቆርቆሮ መጠለያ ሠሩላት። የልጅነቴ ሽታ የዚያ መጠለያ ሽታ ነው፤ ቤንዚን፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ፣ የረጠበ ደንገል፣ ዓሣ አጥማጆች ከዳር ያሰጡት ዓሣ። ሃምሳ አለቃ ይመር ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሸንቲ በጭነት መኪና ተሳፍረው ይመጣሉ፤ አንዱ ኪሳቸው ቆሎ፣ ሌላው ኪሳቸው ቡሎን ነው፤ አንዳንዴ ይሳሳቱና ቡሎን ይነክሳሉ። ሁለቱ ሰዎች ዓመታት ፈጅተው አውሮፕላኗን እንደ ሰዓት ፈትተው ገጠሟት። የጣና እርጥበት ብረቱን ከሥር ከሥር ይበላዋል፤ እነሱ ይፍቁታል፣ ይቀቡታል። ተርብ ደግሞ አውሮፕላኗ ፍጥነቷን የምትለካበትን ቀጭን ቱቦ በጭቃ ትደፍናለች። ሻምበል ያቺን ተርብ እንደ ጠላት ጦር ይፈሯት ነበር። «ጠላት ሲመጣ ይሰማል፤ እሷ ግን ዝም ብላ ነው ቤት የምትሠራው» ይላሉ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ሻምበል ለመብረር አልቸኮሉም። ሜዳው ላይ ብቻ እየነዱ ይመላለሳሉ፤ እኛ ከብት እናባርራለን። ከእያንዳንዱ ማስነሣት በፊት ደግሞ ምርመራ አለ። እትዬ አገሬ የሚመረመረው ዕቃ የተዘረዘረበትን ካርድ ይዛ ትጠራለች፤ ሻምበል አውሮፕላኗን እየዞሩ ዕቃውን በእጃቸው ይይዛሉ፤ ከያዙ በኋላ «ነካሁ» ይላሉ። «አየሁ» አይባልም። ወጣት ሳሉ አብሯቸው የሠለጠነ አንድ ጓደኛቸው የነዳጁን ክዳን አይቶ አልፎ ነበር። ክዳኑ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ አልተቆለፈም። የዚያን ልጅ አስከሬን ለእናቱ ያደረሱት ሻምበል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዓይን የሚያየው እንዲሆን የሚፈልገውን ነው ብለው አመኑ።

እትዬ አገሬ የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ንባብን የተማረችው ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ነው። ስለዚህ የምርመራውንም ካርድ እንደ ዳዊት ነበር የምታዜመው።

«ሻምበል፣ የነዳጅ ክዳን፤»

«ነካሁ።»

«ሻምበል፣ የግራ ጎማ፤»

«ነካሁ።»

ሃምሳ አለቃ ይመር ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። «እትዬ አገሬ፣ ጎማ እኮ ነው፤ ለጎማ ዜማ አልተሠራለትም» ይሏታል።

«አንተ ቆሎህን ዋጥና ስማ። ቡሎን ከሆነም ትፋው» ትላለች ካርዱን ሳትለቅ።

ለምን ይህን ያህል እንደምትደክም የገባኝ ቆይቶ ነው። አባቷ በስተርጅና መንኩሰው ከሐይቁ ደሴቶች ወደ አንዱ ገብተው ነበር። እዚያው ሞቱ፣ እዚያው ተቀበሩ። ደሴቱን ሴት አትረግጠውም። እትዬ አገሬ በታንኳ እስከ ዳሩ ትሄዳለች፤ ሴቶች ከሚቆሙበት ቦታ ሆና ዛፍ ብቻ አይታ ትመለሳለች። መቃብሩን የምታውቀው ወንድሟ በነገራት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከወይራው ሥር፣ ነጭ ድንጋይ። ሻምበል ገና አውሮፕላኗን ሲገዙ ከላይ ሆና እንድታየው ቃል ገብተውላት ነበር።

«ይፈቀዳል ግን?» ብላ አንድ ቅዳሜ ጠየቀች።

«ሴት አትርገጥ አሉ እንጂ ሴት አትብረር ያለ መነኩሴ የለም» አሉ ሃምሳ አለቃ ይመር።

ሻምበል ጨመሩበት። «ከላይ ስናልፍ ዝም በይ እንጂ። ዜማሽን ከሰሙ ይረግሙናል።»

የበረራው ፈቃድ ከጥምቀት በኋላ ደረሰ። ለፈቃዱ ሻምበልን የመረመረው ሐኪምም ልባቸውን ወደደው፤ ዓይናቸውን ደግሞ የጎረምሳ ዓይን ነው አላቸው። የተቆረጠው ቀን ሲደርስ ገና በጠዋቱ ሜዳው ላይ ነበርን። ሐይቁ አንድም የሞገድ መስመር የለበትም፤ ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ከደንገሉ አጠገብ ሳይነቃነቁ ተኝተዋል። ሻምበል መጀመሪያ ብቻቸውን አንድ ዙር ዞረው ሊያርፉ ነው፤ ደህና ከሆነች እትዬ አገሬን ይጭናሉ። የማታውቀውን አውሮፕላን ይዘህ ሰው አትጭንም ይሉ ነበር፤ ለሚስታቸውም ሕጉ ያው ነው። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ለብሳ መጥታለች።

ምርመራው ተጀመረ። ክዳን፣ ጎማ፣ ፕሮፔለር፣ የፍጥነት ቱቦ። «ነካሁ፣ ነካሁ።» ጅራቱ ዘንድ ደረሱ። እዚያ አንድ ቡሎን አለ። አናቱ ከውጭ ይታያል፤ እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ ግን ከውስጥ ስለሆነ የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው።

«ሻምበል፣ የጅራቱ ቡሎን፤»

ሻምበል እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ቆዩ። አወጡና መልሰው ሰደዱ።

«አየሁ» አሉ።

እትዬ አገሬ ከካርዱ ቀና አለች። «ምን አልኸኝ?»

«አየሁ አልሁሽ።»

«ታየህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።»

ሃምሳ አለቃ ይመር ነገሩን ለማቅለል ፈጠን ብለው ገቡ። «ኧረ ምላሳቸውን ወለም ብሏቸው ነው፤ ቀጥይ» አሉና ጎንበስ ብለው በራሳቸው እጅ ፈተሹት። «ሽቦው አለ ሻምበል። ይኸው ነካሁልዎት።»

እሷ አልቀጠለችም። ሰሞኑን ብርጭቆ ከእጃቸው እየወደቀ ሲሰበር ታያለች፤ የቆየው ስኳር በሽታቸው ጣት ሊያደነዝዝ እንደሚችልም ታውቃለች። ካርዱን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ባሏ ሄደች። ቀኝ እጃቸውን ያዘች፤ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠችው። ሻምበል ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረዋል። ከነጠላዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቀለችና የጠቋሚ ጣታቸውን ጫፍ ወጋች።

ሻምበል ንቅንቅ አላሉም።

«ምን አደረግሁህ?» አለች።

«እጄን ይዘሽኛል።»

«ወጋሁህ እኮ፣ ታፈረ።»

ዘወር ብለው ጣታቸውን አዩት። ትንሽ ደም ወጥቷል። የሌላ ሰው ጣት ይመስል ብዙ አዩት። ያን ጊዜ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ቡሎኑ ጋ ሆነውም ይችሉ ነበር። «ነካሁ» ቢሉ ማናችንም አናውቅም፤ ሽቦውም ደህና ነበር፤ አውሮፕላኗም ትነሣ ነበር። ነገር ግን ያልነኩትን ነካሁ ማለት አልሆነላቸውም። ያቺን ቃል ሌላ ሰው ላይ ያን ያህል ዘመን ሲያጠብቁ ኖረው ራሳቸው ላይ አላላሏትም። እኔ ሰውን የምመዝነው እስከ ዛሬ በዚያ ነው።

«እግርህስ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እግሬም እንዲሁ ነው።»

አውሮፕላን በእጅና በእግር ነው የሚነዳው። መሪው የሚለውን የሚሰማው መዳፍ ነው፤ የጅራቱን የሚሰማው እግር። ሌላ የሚያስረዳ አላስፈለገም።

«ይመር፣ ነዳጁን አውርደው» አሉ ሻምበል። ሃምሳ አለቃ ይመር ከኪሳቸው ያወጡትን ቆሎ መልሰው ከተቱና ቱቦ ሊያመጡ ሄዱ።

እኔ እትዬ አገሬን ጠላኋት። አንዲት ቃል ሰምታ እንዳልሰማች ብታልፍ ኖሮ እያልሁ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሳኋት። ሃምሳ አለቃ ይመርም ቅዳሜ መምጣታቸውን እያራራቁ ሄደው በመጨረሻ ተዉት። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚቀበለኝ እንደገና የተቆለፈው በር ሆነ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ወደ ሜዳው ሄድሁ። መጠለያው ገርበብ ብሏል። ወደ በሩ ስጠጋ የሰው ድምፅ ሰማሁና ቆምሁ። ሁለቱም አውሮፕላኗ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ እንደ አሠልጣኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ከፊታቸው ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ነው።

«ተነሣን። ደንገሉ ከሥራችን አለፈ» ይላሉ ሻምበል። «በግራሽ ያ ጥቁሩ ደን ዘጌ ነው።»

«በጣም ከፍ አልህ። ዝቅ በል እንጂ።»

«ይኸው ዝቅ አልሁ። ቤተ ክርስቲያኑን አገኘሽው? ክብ ነው። ከእሱ በስተምሥራቅ ያዢ። ወይራው ያውልሽ። ድንጋዩ ከሥሩ ነው፤ ነጭ።»

በጎኗ ጎንበስ ብላ ወደ ታች ተመለከተች።

«አየሁ» አለች።

ያን ቃል ያለችው እሷ ናት። እኔም በሩን ሳልነካ ወደ ኋላ ተመለስሁ፤ በማግስቱም ሰላም አልኋት።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ሻምበል የጥገናውን መጽሐፍ ትተውልኝ ነበር፤ እሱን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ እንግሊዝኛውንም ሞተሩንም ለብቻዬ ተማርሁ፤ በእሱ ልጆች አሳደግሁ። ማታ በር ሲዘጋ «ነካህ?» እላለሁ፤ ምድጃ ሲጠፋ «ነካሽ?» እላለሁ። ታንኳ ላይ፣ መኪና ላይ፣ ፈተና ወረቀት ላይ እንዲሁ። ልጆቼ ምንም ሳይሆኑ አደጉ፤ ካደጉም በኋላ ራቁ። አባትነቴ አያጸጽተኝም፤ ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል።

አውሮፕላኗን ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ገዝቶ አትክልቱ መሃል አቁሟታል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሡባታል፤ ሁሉም በስልኩ አይቷት ይሄዳል። ባለፈው ሄጄ ወደ ጅራቷ እጄን ስሰድ ጥበቃው ሮጦ መጣ፤ ትሑት ልጅ ነው። «ይቅርታ አባት፣ ማየት ነው የሚቻለው» ብሎ ሰሌዳውን አሳየኝ። መንካት ክልክል ነው ይላል። ሽቦው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ተመለስሁ።

እንግዲህ የ«ነካሁ» ሒሳብ ሲደመር እንዲህ ነው። አስከሬን አልወጣበትም፤ ይህን ማንም እንዳይረሳው። ሻምበልን ሰማዩን አስከፈላቸው። እትዬ አገሬን የአባቷን መቃብር። ሃምሳ አለቃ ይመርን ቅዳሜዎቻቸውን። እኔን ደግሞ፣ ልጄ በስልክ «አየሁት አባባ» ስትለኝ፣ «እሺ ልጄ» ብሎ ማደርን።