በካልሲ የገባሁበት ደጃፍ

ልጄ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረን ዞር ዞር እንበል» አለችኝ። አረጋውያን በምንከባከብበት ቤት ሁሌም የሚታመም ባልደረባ አይጠፋም፤ እኔም እሺ ባይ ነኝና ዕረፍቴን ለሌላው ስሰጥ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ግን ጨክኜ ኡርላውቤን፣ የዓመት ፈቃዴን፣ ጠየቅሁ። አምስተርዳም እንሂድ ተባባልን፤ ከምንኖርበት ከፍራንክፈርት በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ጥንቁቅ ነኝ። ትኬቱ ስልኳ ላይ እያለ ሁለት ጊዜ በወረቀት አሳተምኩት። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር የድንች ወጥ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ቆሎም ጨምሬ ያዝኩ። ሊነጋጋ ሲል ከሰፈራችን ከግሪስሃይም ተነስተን፣ ባቡሩ ሊሄድ አንድ ሰዓት ሲቀረው ጣቢያው ውስጥ ተገተርን።

«እማዬ፣ ባቡሩ ራሱ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም እኮ!»

በልቤ የያዝኩት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ ዛሬ እንዳላሳፍራት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ፣ ነጠላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ኤስባኑ፣ የከተማው ባቡር ውስጥ፣ ሁለት ወንበር ርቃኝ ትቀመጥ ነበር። አልተቆጣኋትም፤ ግን አልረሳሁትም። ስለዚህ ነጠላዬን ቦርሳዬ ሥር ቀበርኩት። ርቃ ስትኖር ይህን ቀን በደስታ እንድታስታውሰው ፈለግሁ።

ከተማው ደስ ሲል! ውሃው በየመንደሩ ገብቶ፣ ቤቶቹ ቀጫጭን፣ ማኅሌት ቆመው እንዳደሩ መዘምራን አንዳንዱ ዘመም ብሎ። በጀልባ ዞርን። ከድልድይ ሥር ባለፍን ቁጥር አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

«እማዬ፣ አንድ ሜትር ይቀረዋል!»

«አንድ ሜትርን ማን አምኖ?»

ከጀልባው ወርደን አንዱን ጥግ ስንታጠፍ፣ ጫፉ ላይ መስቀል የቆመበት የድንጋይ ሕንፃ ፊቴ ድቅን አለ። የእኛ ባይሆንም የእግዚአብሔር ነው አልኩ። እጄ እኔን አላማከረችኝም፤ አማተብኩ። ነጠላዬን ከቦርሳው ሥር መዝዤ ለበስኩ፣ መቃኑን ተሳለምኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ያዝኩና በካልሲ ገባሁ።

የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ። መቅደሱ ሊሆን በሚገባው ቦታ የቢራ መቅጃ ተደርድሯል። ሽርጥ የታጠቀ ወጣት ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ምን አለ?» አልኩ ዞሬ። ልጄ እጇን አፏ ላይ ጭና ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ጠረጴዛው ለስንት ሰው ነው ይላል።»

ለካ ቤተ ክርስቲያንነቱ ቀርቶ ምግብ ቤት ሆኗል። ቤቱ ሙሉ ካልሲዬን የሚያይ መሰለኝ። አለቀ፣ ይኸው አሳፈርኳት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጫማዬን ሳጠልቅ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። በጎን ስመለከት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ክው ስል፣ ለካ ሳቅ ነው! እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

«እማዬ፣ ቢራ ቤት ተሳለምሽ!»

«ዝም በይ! በረቡዕ ምድር!»

«የንስሐ አባትሽ ምን ይሉሽ ይሆን?»

«አንቺ ካልነገርሻቸው ከየት ይሰማሉ?»

ያኔ እኔም አላስቻለኝም። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን፣ አላፊ አግዳሚው እያየን፣ ደረጃው ላይ ሳቅን። ነጠላዬን አጥፌ ልመልስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው፤ ያምርብሻል።»

በአማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ያን ቀን ሁሉ አማርኛዋን አልለቀቀችም።

ወደ ማታ፣ ከአንድ ድልድይ ማዶ ደወል ሰማን። እጄ ደግሞ ለማማተብ ተነሳች።

«ቆይ! ቆይ!» ብላኝ ሮጠች። በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አስገባችና እያለከለከች ተመለሰች። «ሻማ በርቷል፣ የሚጸልዩ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ቢራ የለም። ይሄኛውን ተሳለሚ።»

ተሳለምኩ። ቀና ስል፣ እሷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች።