የአሥር ቤት ሩብ

እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ጋፋት አጠገብ የአሥር ቤት ገብስ በበረዶ በተመታ ጊዜ እኔ ደብረ ታቦር፣ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ መረጃ አጠናቅር ነበር። ከአሥሩ ቤት ምርታቸው ዝቅተኛ ለሆነው ሩብ የድንች ዘር ይሰጥ ተባለ። በምርት ከታች ሦስተኛዋ አክስቴ ናቸው። ባል የላቸው፣ በሬ የላቸው።

ኮምፒውተሬ ላይ ሳሰላው የሩቡ ድንበር ከአክስቴ ምርት ትንሽ ከፍ ብሎ ወጣ። ሦስት ቤት ገባ ማለት ነው። ኃላፊዬ አየና "ጥሩ ነው፣ ንገሪያቸው" አለኝ። ነገርኳቸው። ያን ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው የአክስቴን ማሳ በእኩል ልረሰው ብሎ ነበር፤ ዘሩንም በሬውንም እሱ አምጥቶ ምርቱን ሊካፈሉ። አክስቴ ግን "ዘር ካገኘሁማ ምን በወጣኝ ግማሹን የምሰጥ! በሬውን እንደ ምንም እለምናለሁ" ብለው መለሱት። ሰውየውም ሌላ ማሳ ያዘ።

ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊዬ ጠራኝ። ዋናው ቢሮ በሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲያሰላው ድንበሩ ከአክስቴ ምርት በታች ሆኗል። የሚገቡት ሁለት ቤት ብቻ ናቸው።

"ሦስተኛዋ አክስትሽ ናቸው አሉ" አለኝ። "ቁጥሩን ነካክተሽዋል እንዴ?"

በስመ አብ! አንዲት ኪሎ አልተነካችም። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አስረዳሁት። የአሥር ሩብ ሁለት ተኩል ነው፤ ሁለት ተኩል ሰው ደግሞ የለም። ድንበሩ የት ላይ ይዋል የሚለውን የየፕሮግራሙ ሠሪዎች በየራሳቸው ወስነውታል። የእኔው ቤቶቹን በምርታቸው ተራ ደርድሮ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ያለውን ርቀት ለአራት ከፍሎ፣ ሦስተኛውን ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ ይቆማል። የእነሱ ከሁለቱም ጫፍ ውጭ ያልተቆጠረ ቤት ያለ ያህል አስቦ ስለሚከፍል፣ ሦስተኛው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ሁለቱም የታወቀ ስሌት ነው። ቤቱ ብዙ ሺህ ቢሆን ልዩነቱን ማንም ልብ አይለውም ነበር። እዚህ ግን አክስቴን ውጭ ጣላቸው።

"ሁለቱም ልክ ከሆነ የዋናው ቢሮ ይሁና" አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

"ደንቡ እኮ ሩብ ብቻ ነው የሚለው! በየትኛው ስሌት ተብሎ የት ተጻፈ?" ጮኽኩበት።

"ፕሮግራሙ ያወጣውን እኔ አልቀይርም።"

እንዲህ ያለ ሰው ያንገበግበኛል። መወሰን የእሱ ሥራ ሆኖ ሳለ ማሽን ላይ ይለጥፍና ምሳውን ይበላል! ከዋናው ቢሮ ጋር ተነጋገርበት ብለው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች።

ጋፋት ወረድኩ። ዝናቡ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበርና ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"ከበረዶ የተረፈችዋን ገብሴን መዝግባችሁ የለም እንዴ? አሁን በዛች ነው የምትሉኝ?"

"አልበዛችም፣ እቴቴ።"

"እንግዲያ ምኑ ነው የተለወጠው?"

"የሚያሰላው ማሽን ነው።"

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደዚያ ጎረቤታቸው ሄዱ። ሰውየው አዲሱን ማሳ አርሶ እየዘራ ነበር።

ያን ክረምት የአክስቴ መሬት ጦሙን አደረ።