ከፋሲካ በኋላም በቆልት

ልጆቹ ትናንት ከበው «እምዬ፣ የልጅነትዎን ያውጉን» ብለው ያዙኝ፤ ከየት ልጀምር ስል ምራቴ ባቄላ የነከረችበትን ዕቃ ከፈተችና ያ እርጥብ የጥሬ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ከዚያው ልጀምር።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ቤታችን ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ባቄላ ነክራ ታሳድርና፣ ውኃውን አጥልላ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ እንቅብ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጭራ አውጥቶ በቆልት ሲሆን ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳ ታበላናለች። ውኃ እያርከፈከፉ ማገላበጥ የእኔ ሥራ ነበር፤ እችልበትም ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

አንድ ዓመት በሁዳዴ የአምስት ዓመቷ ታናሽ እኅቴ የሺ ምግብ እምቢ አለች። የከንፈሯ ጥግ ቆስሎ አልድን አለ፣ ፀጉሯ ሳሳ፣ ከእኩዮቿ አንሳ ቀረች። ወንድማችን እንዲሁ መንምኖ ነበርና የሞተው፣ እናቴ ዓይኗን ከእርሷ ላይ አታነሣም ነበር። የሺ የምትውጠው በቆልቱን ብቻ ነበር።

ፋሲካ ሆኖ በጉ ታረደ፤ አባቴ ጉበት ቢያጎርሳት ተፋችው። እናቴም እንደገና ባቄላ ነከረች። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ እንቅቡን አይተው፣ «እናንተ ቤት ፋሲካ አልተነገረም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«የልጅ ሆድ ባሕረ ሐሳብ አይቆጥርም፣ እትዬ» አለቻቸው።

ወሬው ምንጭ ድረስ ወርዶ ልጃገረዶቹ «ሁዳዴ መጣች!» ይሉኝ ጀመር። እፍረት ቢይዘኝ፣ የደረሰውን በቆልት ወስጄ ለአህያችን ሰጠሁና ለእናቴ «ሻገተ» አልኳት። አየት አደረገችኝና፣ ምንም ሳትል ሌላ ባቄላ ሰፍራ እንቅቡን እጄ ላይ አኖረችው።

ሦስት ቀን ሙሉ የሺ ውኃ ብቻ እየተጎነጨች ተኛች፤ እኔም እንቅቡ አጠገብ ተቀምጬ ጭራው ቶሎ እንዲወጣ እለማመነው ነበር። ሲወጣ በእጄ አጎረስኳት። ክረምቱ ሲገባ ቁስሏ ደረቀ፤ ለዘመን መለወጫ ጉበቱን በልታ «ጨምሩልኝ» አለች።

በቀደም የጤና ጣቢያዋ ልጅ የልጅ ልጄን መዝና፣ «ዚንክ ያስፈልገዋል እማማ፤ ሥጋ ካለ ሥጋ፣ ከሌለም ባቄላና ሽምብራ ይስጡት። ሲበቅል ደግሞ ሰውነት ዚንኩን በደንብ ያገኘዋል» አለችኝ። ያኔ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፣ እንቅቡ ግን ነበረ። ይህንን ለየሺ ባወራላት፣ ዛሬ በቁመት ከእኔ በራስ የምትበልጠው አሮጊት ከት ብላ ሳቀች።

«ለአህያዋ ስትሰጪ እናታችን በር ላይ ቆማ አይታሽ ነበር» አለችኝ። «ኋላ ነግራኛለች። ‹ብመታት ታለቅሳለች፤ የእኅቷን ረሃብ እያየች ካበቀለችው ግን ሁለተኛ አትጥለውም› ብላ ነው ዝም ያለችሽ።»