አሰብ ላይ ተጠያቂው እኔ ሆንሁ

መጋቢት 1966 ዓ.ም. ሠላሳ የመጠይቅ ቅጽ ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። አገሩ በሥራ ማቆም ወሬ ሲታመስ አንድ የአሰብ ዕቃ አስጫኝ ድርጅት ወዛደሮች ዝም ብለዋል። የሥነ ልቡና ተማሪ ነኝና፣ ሰው ለምን እንደሚያምፅና ለምን በደልን ችሎ እንደሚኖር ከእነሱ ላጠና ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ይኸው ነው። ቅጹ ስም ይጠይቃል። ያኔ ቅር እንኳ አላለኝም፤ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ከባቲ በታች

ቆላው ሲጀምር የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና ጋቢና እንደ ምድጃ ጋለ። ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ የጉዞዬን ምክንያት ሲሰሙ ሳቁ።

«የሰው ሆድ በወረቀት ይከፈታል? እስቲ ይቅናህ!»

ሚሌ ላይ የፍየል ጥብስ ጋበዙኝ፤ የደፈረሰ ቢጫ ውሃ ጠጥተን ቀጠልን።

አሰብ፣ በሦስተኛው ቀን

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወዲያው ፈቀዱልኝ፤ «ስትጨርስ ግን ቅጾቹን አሳየኝ» አሉ። በምሳ ሰዓት በመጋዘን ጥላ ሥር ዓሣ በዳቦ የሚበሉትን ወዛደሮች እየጠየቅሁ ቅጾቹን ሞላሁ። ሠላሳውም «ሁሉም ደኅና ነው» አሉ። እኔ ሞኙ «ረክተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከመካከላቸው ሑመድ የሚባል፣ ከአሰብ በስተደቡብ ካለችው ከራሔይታ የመጣ አፋር አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«በእኛ አገር ዳጉ አለ። መንገደኛ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ከዚያ እኛ እንናገራለን። አንተ ሳትናገር ጠየቅህ። ወረቀቱ ማን እጅ ይገባል?»

ሁሉም ማኘክ አቆሙ።

«ሥራ አስኪያጁ አሳየኝ ብለውኛል» አልኩ። አፈርኩ።

«ማኅበር ይኑረን ያሉ ሦስት ጓደኞቻችን በስማቸው ተለቅመው ተባርረዋል» አለ ሑመድ። «የእኛንስ ስም ምን ልታደርገው ነው?»

ከሠላሳው ቅጽ ላይ ስም ስሙን ቀደድኩና ዓይናቸው እያየ ባሕር ውስጥ በተንኩት። ያኔ አፋቸው ተከፈተ፤ ስለ ዕቃው ክብደት፣ ስለ ቅርብ አለቃቸው ዱላ፣ ስለ ፍርሃታቸው ነገሩኝ። የሚሉትን በየቅጹ ጀርባ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ

ስም የሌላቸውን ቅጾች፣ አሳየኝ ባሉት መሠረት ወሰድኩላቸው። «ስሞቹስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ቅጾቹን እያገላበጡ።

«ቀድጃቸዋለሁ።»

«በቃልህ ንገረኛ! ይህን ያለው ማነው?»

«አልነግርዎትም።»

«ለመምህርህ እጽፋለሁ!»

«ይጻፉ! እኔም እጽፋለሁ» ብዬ ቅጾቼን ከጠረጴዛቸው ላይ ሰብስቤ ወጣሁ። ደስ አለኝ።

አዲስ አበባ

ደብዳቤው ቀድሞኝ ደርሷል። መምህሬ «ስም የሌለው መልስ አልቀበልም፤ ወይ ስሞቹን አምጣ፣ ወይ ዘንድሮ አትመረቅም» አሉ። ስሞቹን አንድ በአንድ አስታውሳቸው ነበር፤ አልሰጠሁም። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ እንዳልሆነ፣ መልሱን የሚሰማው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ የሰውን ልብ አወቅሁ ማለትም ድፍረት እንደሆነ ከዚህ ጉዞ ተምሬአለሁ። በዚያ ዓመት ሳልመረቅ ቀረሁ። በኋላ እንደሰማሁት ግን ከሠላሳዎቹ አንድም ሰው አልተባረረም።