ወይዘሮ ፔቲፎርድ እስኪጠሩ

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ሉቪኒያ ፔቲፎርድ መቀመጥ አቃታቸው። ሰማያዊውን ባርኔጣ ደፉ፤ አወለቁት። ነጩን ደፉ፤ የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ አስመሰለኝ ብለው እሱንም አልጋው ላይ ወረወሩት። ቅቤ ጣል ያደረጉበት የበቆሎ ገንፎ ሳይነካ ቀዝቅዞ ፊቱ ቆዳ አበጀ። ረፋዱ ላይ በአውራጃው ምክር ቤት ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። ምክር ቤቱ የገንዘብ ድጋፉን ካነሳ፣ በጽዮን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የከፈቱት የሕፃናት ማቆያ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ያን ጊዜ የማታ ፈረቃ የሚገቡ እናቶች ወይ በልጆቻቸው ላይ በር ቆልፈው ይሄዳሉ፣ ወይ እንጀራቸውን ይተዋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ካልዶር አሁንም የትምባሆ ከተማ ነበረች። ሽታው ልብስም ፀጉርም አይለቅም። ወይዘሮ ፔቲፎርድ ገና ልጅ እግር ሳሉ ከሰሜን ካሮላይና ገጠር መጥተው ፋብሪካ ገቡ፤ ከደረቀው ቅጠል የመሀሉን ጅማት እየመዘዙ፣ አቧራውን እየዋጡ በፋብሪካው ታችኛው ቤት ዕድሜያቸውን ገፉ። ላይኛው ፎቅ ላይ ሲጋራ የሚያሽጉት ነጮቹ ሴቶች ነበሩ። ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች ነጭ ልጅ «ወይዘሪት» ስትባል፣ የልጆች እናት የሆኑት ወይዘሮ ፔቲፎርድ «ሉቪኒያ!» ነበሩ፤ አለቃው ስማቸውን ከረሳም «አንቺ ልጅ!»። እናታቸው ሲሞቱ የከተማው ጋዜጣ «ሔቲ፣ ጥቁር» ብሎ አለፋቸው። ከጎናቸው የታተሙት ነጭ ሟች ግን «ወይዘሮ» ተብለው ነበር።

ለዚህ በሽታ የሰፈሩ ሰው የራሱ መድኃኒት ነበረው። ነጭ ሰው ስም ሲጠይቅ የመጀመሪያው ስም አይሰጥም፤ ፊደሉ ብቻ ይነገራል። «ኤል ፔቲፎርድ ነኝ» ይላሉ። «ኤል ምን?» ሲባሉ «ኤል ብቻ»። ግንበኛው ባላቸው ኤልዊን በገዛ ማዕዳቸው ላይ እንኳ «ወይዘሮ ፔቲፎርድ፣ ጨው ቢያቀብሉኝ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም «ይኸው፣ አቶ ፔቲፎርድ»። እንግዳ ይስቃል። ልጆቹ ግን የእናታቸውን ስም ያወቁት ከፍ ካሉ በኋላ ነው፤ ያልሰሙትን ስም ለነጭ ሱቅ ጠባቂ ሊያቀብሉ አይችሉማ።

ማቆያውን ሊያግዙ ነጭ ሴቶች የመጡት ከዩኒቨርሲቲው ሰፈር ነው። «የሴቶች ነፃነት» የሚል ጨርቅ ወጥረው ሲሰለፉ ወይዘሮ ፔቲፎርድ ከአውቶቡስ መስኮት አይተዋቸው ነበር። ማቆያው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ሰሞን፣ ማርጎ ሊንድስትሮም የምትባል ረጅም ወጣት በራቸውን አንኳኳች። መኪና አላቸው፣ ጠበቃ ያውቃሉ፣ ለጋዜጣ ይጽፋሉ። የሚሰበሰቡት ማርጎ ቤት ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ነው። ለወይዘሮ ፔቲፎርድ ወንበር አመጡላቸው፤ እሳቸው ብቻ ከፍ ብለው ተቀመጡ፣ አልተመቻቸውም።

«እዚህ ማዕረግ የለም» አለች ማርጎ፤ ስማቸውን ከጎረቤት ሰምታለች። «እኔ ማርጎ፣ አንቺ ሉቪኒያ። ወይዘሮ ማለት እኮ የእገሌ ንብረት ማለት ነው።»

«የማን ንብረት?»

«የባልሽ ነዋ።»

«ባሌ ከሞተ ቆየ። እስካሁን ከመቃብር ተነስቶ ንብረቴን መልሱ አላለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማርጎ ተነስታ አቀፈቻቸው። ወይዘሮ ፔቲፎርድም አብረው ሳቁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን የጉንጫቸውን ውስጥ እየነከሱ መውረጃቸው አለፋቸው።

ለጎረቤታቸው ለቨርኔታ ነገሯት። ቨርኔታ ፀጉሯን እንደ ዘውድ ያጎፈረች፣ ማታ ማታ ፋብሪካ የምትገባ የሁለት ሕፃናት እናት ናት።

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም፣ እትዬ ሉቪኒያ?»

«ምን ብዬ? ለእኛ ብላ ስትሯሯጥ እያየሁ?»

«እነሱ ጠግበው የተፉትን እኛ ገና አልቀመስነውም፣ እውነት ነው። ግን እኔ ማቆያው ይበልጥብኛል። ከፈለጉ ድመቷ ብለው ይጥሩኝ።»

«የተጠራሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽ» አሉ ወይዘሮ ፔቲፎርድ፣ ወደ ድስታቸው ዞረው።

ሐሙስ ረፋድ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞቃት ነበር። እናቶቹ ከኋላ፣ የማርጎ ጓደኞች ከፊት ተቀመጡ። የተናጋሪዎቹን ሙሉ ስም ጽፋ ያስገባችው ማርጎ ናት። ሰብሳቢው አቶ ሃስኬል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው «ወይዘሮ ሊንድስትሮም» ብለው ጀመሩ።

ማርጎ ብድግ አለች። «ይቅርታ፣ ማርጎ በሉኝ። ማናችንም ወይዘሮ ተብለን መጠራት አንፈልግም። የራሳችን ስም አለን።»

ከፊት ጭብጨባ ሆነ። አቶ ሃስኬል ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ፈገግ አሉ። «የሴቶቹን ጥያቄ ተቀብለናል። ቀጥይ፣ ማርጎ።»

ማርጎ ጥሩ ተናገረች። ስትቀመጥ አቶ ሃስኬል ወደ ኋላ ወንበሮች አዩ፤ ድምፃቸውን ላላ አደረጉ።

«ሉቪኒያ!»

ድምፁ ከፋብሪካው ታችኛው ቤት የመጣ መሰላቸው። ወይዘሮ ፔቲፎርድ አልተነሱም። ልነሳ ብለው ነበር፤ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ቀረ።

«ሉቪኒያ የለችም?»

ማርጎ ዞራ በዓይኗ «ተነሺ እንጂ» አለቻቸው። ቨርኔታ ከኋላ መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች። «እትዬ፣ ስለ ልጆቼ ይነሱ። በኋላ ይኮርፏቸዋል።»

«ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው» አሉ አቶ ሃስኬል፣ ግራና ቀኝ እያዩ። «የምትናገር ከሌለች ወደ መንገድ ጥገናው እንለፍ።»

ማርጎ ዘላ ተነሳች። «እኔ በእሷ ፈንታ...»

«ተቀመጪ» አሉ ወይዘሮ ፔቲፎርድ። «በእኔ ፈንታ የተናገርሽው ይበቃል።» ከዚያ ከወንበራቸው ሳይነሱ «አቶ ሃስኬል፣ ስጠራ እነሳለሁ» አሉ።

«ጠራሁሽ እኮ።»

«አልጠሩኝም።»

ወደ መንገድ ጥገናው ታለፈ። ከዚያ ድልድይ መጣ፤ ከዚያ ባለቤት አልባ ውሾች። ወይዘሮ ፔቲፎርድ ባርኔጣቸው ሥር ላብ ሲወርድ ይሰማቸዋል። የማቆያው ልጆች ይህን ጊዜ ምሳ በልተው ምንጣፉ ላይ ተኝተዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ተነሥተሽ ተናገሪና ጨርሽው፣ አሉ ለራሳቸው። እግራቸውን ሰበሰቡ። ዘረጉት። ከኋላቸው የቨርኔታ ትንፋሽ ይሰማል። እናቶቹም አልወጡም፤ ግማሾቹ ከእሳቸው ጋር፣ ግማሾቹ በእሳቸው ተናደው ተቀመጡ።

ውሾቹ ሲያልቁ አጀንዳው አለቀ። ከአባላቱ አንዱ፣ የእህል ዘር ነጋዴው ሽማግሌ፣ ሆዳቸውን እያሻሹ «ኧረ በእግዜር፣ የፈለገችውን በላትና ምሳችንን እንብላ» አሉ፤ የድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር።

አቶ ሃስኬል ጠረጴዛውን እያዩ፣ ቃሉን ከቃል አጣብቀው «ወይዘሮ ፔቲፎርድ» አሉ።

ተነሡ። ሰሞኑን ሲያጠኑት የከረሙት ሁሉ ከአእምሮአቸው ወጥቶ ነበር። ስለ ማታው ፈረቃ ጀመሩ፣ ስለ ወተት ዘለሉ፣ የአንዲት ሕፃን ስም ረሱ። ድምፅ ሲሰጥ፣ ማቆያው እስከ መኸር ብቻ እንዲቆይ፣ ከዚያ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ማርጎ የጠየቀችው ለሦስት ዓመት ነበር።

ደጅ ላይ ማርጎ ዓይኗ ቀልቶ ቀረበች። «ምን አጠፋሁ?»

«ስሜን ሰጠሽው።»

«ለማን?»

«ለሃስኬል። አያውቀውም ነበር።»

«እህትማማች ነን ብዬ እኮ ነው።»

«እህቴ በስሜ አትጠራኝም።» ይህን ብለው ወደ ሰፈራቸው መንገድ ጀመሩ፤ ማርጎ መኪናዋን አሳየቻቸው፣ አልዞሩም። በእግራቸው ሄዱ፤ ፀሐዩ ባርኔጣቸውን አለፈ። ቨርኔታ ተከትላ ደረሰችባቸው፤ ጎን ለጎን ሄዱ።

«መቼ ነው መኸር?» አለች በመጨረሻ።

«ቅርብ ነው።»

«ጥሩ አድርገው ቢናገሩ ኖሮ ሦስት ዓመት እናገኝ ነበር።»

«ይሆናል።»

«ይሆናል ነው የሚሉኝ? ለአንዲት ቃል ልጆቼን ውርርድ አስያዙብኝ።»

ወይዘሮ ፔቲፎርድ እናታቸውን፣ ጋዜጣውን፣ አለቃውን ሊነግሯት አሰቡ፤ ቨርኔታ ግን ሁሉንም ታውቃለች፤ አያቷም እዚያው ታችኛው ቤት ነው ያረጀችው። ያለፈው ውሸት አይደለም፤ የሚመጣው መኸርም ውሸት አይደለም። መንገዱ ላይ ቆሙ፣ መሀረባቸውን አወጡ፣ ምን ሊያደርጉበት እንዳወጡት ጠፋባቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቨርኔታ እንደወትሮው ልጆቿን ይዛ ምድር ቤት ወረደች፤ ሌላ የት ትወስዳቸዋለች? ታናሽዬው የወይዘሮ ፔቲፎርድን ቀሚስ ይዞ ተንጠለጠለ።

«ትንሽ ያስለዋል» አለች ቨርኔታ። «ደህና ይዋሉ፣ ወይዘሮ ፔቲፎርድ።»

ከዚያ ቀን በፊት «እትዬ ሉቪኒያ» እንጂ እንዲህ ብላቸው አታውቅም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። ወይዘሮ ፔቲፎርድ ልጁን አቅፈው ትኩሳቱን በጉንጫቸው ለኩ፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና ለኩ።