ሰሜን በስተቀኝ

አባባ የዓለምን ካርታ የሳሉት ከስፌቴ በተረፈ አቡጀዴ ላይ ነው። ዳባት ቤተ ክርስቲያን ለሚያስተምሯቸው የቆሎ ተማሪዎች ብለው፣ የገዛ መምህራቸው ያሳዩአቸውን የብራና ሥዕል እያስታወሱ። ምሥራቅን ከላይ፣ ኢየሩሳሌምን ከመሃል አደረጉ፤ እኛ በስተቀኝ ጥግ ደረሰን።

"አባባ፣ ዳር አወጡን እኮ" ብዬ ቀለድኩባቸው።

"ኢየሩሳሌም ከመሃል ካለች ዳሩስ ምን ይላል?"

እስከዚህ ደግ። በኋላ ግን በእኛ በኩል ባለው ጠርዝ "ሰሜን"፣ በወዲያኛው "ደቡብ" ብለው ጻፉ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ኢትዮጵያ ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ መሆኗን ማን ያጣዋል! ያን ሰሞን ደግሞ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ይፈልጉ ነበር፤ እኔንም በሟች እናቴ ስም ጠርተውኛል። ጎንደር ላለው ወንድሜ ደወልኩ።

"ጃጅተዋላ! ቅዳሜ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። ማስተማሩም ይብቃቸው" አለ።

ማስተማሩን ከነጠቅናቸው ምን ይቀራቸዋል? እህል አልበላ አለኝ። አርብ ከሰዓት ግን ንድድ አልኩ። በገዛ አባቴ ላይ እየተንሾካሾክሁ እስከ መቼ! ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ጣቴን ጠርዙ ላይ ተክዬ "ይሄ ደቡብ አይደለም እንዴ?" አልኳቸው።

"አዬ ልጄ፣ ዛሬማ ደቡብ ነው። በጥንቱ ግእዝ ግን ሰሜን የሚባለው ይኸው ነው። ግእዙን የጻፉት ሰዎች አክሱም ነበሩ። ይሄ የኛ ሰሜን፣ ከደባርቅ ወዲያ ያለው ተራራ፣ ለእነሱ በየት በኩል ነው?"

አሰብኩት። ከአክሱም የሚመጣ ሰው በዛሪማ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ነው ደባርቅ የሚገባው። ፊቱ ወደ ደቡብ ነው።

"በደቡብ!" ብዬ ጮህኩ።

"ከጎንደር ሲያዩት ደግሞ ተራራው በተቃራኒው በኩል ሆነና ቃሉም አብሮ ዞረ። እኔ ግን የመምህሬን አላዞርም።"

እፎይ! እልል ማለት አማረኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

"ጃጀ ብላችሁኝ ነበር፣ ኣ?" አሉ። "በእናትሽ ስም የጠራሁሽም ስትቆጪ ቁርጥ እሷን ስለምትመስዪ ነው።"

እየሳቅሁም እያለቀስኩም ስልኬን አነሳሁ። "አትምጣ፤ አባባ ደህና ናቸው" አልኩት ወንድሜን።

አባባ ከኋላዬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ኧረ ይምጣ በይው! ቅዳሜ አስተምራለሁ፤ ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ።"